0.4 ኢንታይትልመንት ለ8 ቪፒ፦ የኤልፓር ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ልክ እንዴት ይወጣል?

ዲስክ ሞላ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርቨሩ ፓወር9 ነው፤ 2 ሶኬት፣ በየሶኬቱ 10 ኮርና 256 ጊጋባይት ሜሞሪ። በጠቅላላው 20 ኮርና 512 ጊጋ ማለት ነው፤ ኮሮቹ በሙሉ አክቲቬት ተደርገዋል። በፓወርቪኤም (አንዱን ሰርቨር ለብዙ ምናባዊ ማሽኖች በሚከፍለው የአይቢኤም ሶፍትዌር) 7 ፓርቲሽን (ኤልፓር) ተሠርቶበታል፤ ሁሉም ሼርድ (ኮሮቹን ከአንድ ፑል የሚጋሩ)፣ ሁሉም አንካፕድ (ከድርሻቸው በላይ ትርፍ መውሰድ የሚችሉ)፣ ዌይታቸውም (ትርፍ ሲሻሙ ያላቸው ቅድሚያ) እንደመጣ 128 ነው። ከቪአይኦኤሶቹ (ለሌሎቹ ዲስክና ኔትወርክ ከሚያቀርቡት ፓርቲሽኖች) በቀር ሁሉም ኤአይኤክስ (የአይቢኤም ዩኒክስ) ናቸው። አሁን ያለው ድልድል፦

ዳታቤዝ፦ ኢንታይትልመንት (የተረጋገጠ የኮር ድርሻ) 2.0፣ ቪፒ (ቨርቹዋል ፕሮሰሰር) 12፣ ሜሞሪ 160 ጊጋ
አፕሊኬሽን አንድና ሁለት፦ እያንዳንዳቸው 0.4፣ ቪፒ 8፣ 64 ጊጋ
ሪፖርት፦ 0.4፣ ቪፒ 8፣ 48 ጊጋ
ቴስት፦ 0.4፣ ቪፒ 8፣ 32 ጊጋ
ሁለቱ ቪአይኦኤስ፦ እያንዳንዳቸው 0.5፣ ቪፒ 2፣ 8 ጊጋ

የሜሞሪው ማክሲመም ከቪአይኦኤሶቹ (16 ጊጋ) በስተቀር በሁሉም ላይ 512 ተብሎ ተሞልቷል። «ነገ ቢያስፈልግስ» ተብሎ ነው።

ጥያቄዎቼ፦

1. ኢንታይትልመንት ከምን ተነሥቶ ይሰላል? ቪፒስ?
2. ዳታቤዙ ላይ ኤልፓርስታት (የፓርቲሽን ፍጆታ የሚያሳይ ትእዛዝ) ኢንትሲ (ከኢንታይትልመንቱ ስንት በመቶ እንደተበላ) 350% ያሳያል። ፑሉ ግን ባዶ ይመስላል። ታዲያ ተጠቃሚዎች ለምን ይንቀራፈፍብናል ይላሉ?
3. የተመደበው ሜሞሪ ሲደመር 384 ጊጋ ነው። 128 መቅረት ሲገባው ኤችኤምሲው (ሰርቨሩ የሚመራበት ኮንሶል) 80 ገደማ ብቻ ነው ያለህ ይለኛል። 48 ጊጋ የት ገባ?
4. ኤንሞን (የአፈጻጸም መከታተያው) የዳታቤዙ ሜሞሪ 99% ተይዟል ይላል። ልጨምርለት?

የሌሊት ተረኛ፦

ከሁለተኛው ልጀምር፤ የመጀመሪያውም መልስ እዚያው ውስጥ ነው።

ኢንታይትልመንት ዋስትና ነው፤ ፓርቲሽኑ ሥራ ሲኖረው ሃይፐርቫይዘሩ (ፓርቲሽኖቹን የሚያስተዳድረው የሰርቨሩ ሶፍትዌር) የግድ የሚሰጠው ድርሻ። አንካፕድ ፓርቲሽን ላይ ጣሪያው የቪፒው ቁጥር ነው። አንድ ቪፒ ከአንድ ኮር በላይ መብላት ስለማይችል 12 ቪፒ ያለው ፓርቲሽን ፑሉ እስከፈቀደለት ድረስ 12 ኮር ይወስዳል። የእናንተ 350% ከ2.0 ሲሰላ ፊዝሲው (በእውነት የበላው የኮር ብዛት) 7.0 ነው ማለት ነው። ከ12 በታች ስለሆነ ጣሪያውን አልነካም። ቪፒ ጨምሩለት የሚል ሰው ቢመጣ አትስማው።

አሁን 0.4 ለ8 ቪፒ የሚለውን ቀረብ ብለን እንየው። ሃይፐርቫይዘሩ ጊዜን በ10 ሚሊሰከንድ መስኮት ይከፋፍላል። 0.4 ማለት በየመስኮቱ 4 ሚሊሰከንድ የኮር ጊዜ ነው። ይህ ለ8 ቪፒ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል። 0.05 በፓወር9 ላይ ለአንድ ቪፒ የሚፈቀደው ትንሹ መጠን ነው፤ ከዚያ በታች ኤችኤምሲው ራሱ አይቀበልህም። እንግዲህ አንድ ቪፒ ግማሽ ሚሊሰከንዱን በዚህ መስኮት መጀመሪያ ላይ ጨርሶ በቀጣዩ መስኮት መጨረሻ ላይ ተራ ቢደርሰው 19 ሚሊሰከንድ ያህል ቆሞ ይጠብቃል። ያ ቪፒ በዚያ ሰዓት ሎክ ይዞ ከሆነ ደግሞ ሌሎቹ ሰባቱ እሱን እየጠበቁ በከንቱ ይሽከረከራሉ። ፑሉ ባዶ ሲሆን ትርፉን ስለሚያገኙ ይህ ችግር አይታይም። የሚታየው ሁሉም ፓርቲሽን በአንድ ጊዜ ሲነሣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጥፋተኛውን መፈለግ ከባድ ነው።

የዳታቤዙ ጣጣ ግን ሌላ ይመስለኛል። ሃይፐርቫይዘሩ ለፓርቲሽኑ «ቤት» የሚመርጥለት፣ ማለትም የትኛው ሶኬት ላይ እንደሚያስቀምጠው የሚወስነው፣ በኢንታይትልመንቱና በሜሞሪው መጠን ነው። 2.0 ብላችሁ ስለጻፋችሁ የ2 ኮር ቦታ ያዘለት። 7 ኮር ሲፈልግ የቀረውን 5 ባገኘበት ያስኬደዋል፤ አንዴ ከሜሞሪው አጠገብ፣ አንዴ ማዶ ካለው ሶኬት ላይ። ካሹ እየቀዘቀዘ፣ ሜሞሪው ከሩቅ እየመጣ ይሠራል። ፑሉ ባዶ ሆኖ ሥራው የሚጎተተው ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ ሁለት ትእዛዝ ይበቃል። ኤልኤስኤስራድን በኤቪ አማራጭ አስኪድና ሜሞሪውና ፕሮሰሰሩ በየትኛው ክልል እንደተቀመጡ ተመልከት። አንዱ ክልል ላይ ሜሞሪ ብቻ፣ ሌላው ላይ ፕሮሰሰር ብቻ ካየህ ምርመራው አለቀ። ቀጥሎ ኤምፒስታትን በዲ አማራጭ፤ ኤስ3ኤችአርዲ የሚለው ዓምድ ቪፒው በራሱ ቤት የተላከበትን መቶኛ ያሳያል። ጤነኛ ፓርቲሽን ላይ ከ90 በላይ ነው።

«ፑሉ ባዶ ይመስላል» ያልከው በምን ታይቶ ነው? በኤልፓርስታት ላይ አፕ (በፑሉ ያለው ባዶ ኮር) የሚለው ዓምድ የሚመጣው በኤችኤምሲ የፓርቲሽኑ ፕሮፐርቲ ውስጥ የፐርፎርማንስ መረጃ እንዲሰበስብ ሲፈቀድለት ብቻ ነው። ምልክት አድርግበት፤ ሪቡት አይጠይቅም። ያለ እሱ ፑሉን በግምት ነው የምታየው።

ስለ ልኩ አወጣጥ። ፕሮሰሰር ስትለካ የተያዘውን መቶኛ እርሳው፤ የሚለካው ፊዝሲ ነው። ኤንሞንን በ60 ሰከንድ ልዩነት ለ1440 ጊዜ አስኪደው፤ ልክ 24 ሰዓት ይሆናል። የወር መዝጊያ ያለበትን ቀን ጨምረህ ቢያንስ የ4 ሳምንት ፋይል ያዝ። በ15 ደቂቃ አማካይ የተሰበሰበ ግራፍ አያዋጣም፤ ለ2 ደቂቃ 8 ኮር የበላውን ፓርቲሽን በ3 ኮር ያሳልፈዋል። የአንዱን ቀን 1440 ቁጥር ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድርና 1368ኛውን አንብብ፤ 95 በመቶው ጊዜ ከዚያ በታች ነው ያለው። ለፕሮዳክሽን ፓርቲሽን እሱን ወይም ወደ እሱ የቀረበውን ቁጥር ኢንታይትልመንት አድርገው። ቪፒው ደግሞ የታየው ትልቁ ፊዝሲ ወደ ላይ ተጠጋግቶ፣ ሲደመር 1። ለፕሮዳክሽን ቪፒው ከኢንታይትልመንቱ እጥፍ በላይ ባይሆን እመርጣለሁ። ለቴስት 4 እና 5 እጥፍ ቢሆንም ግድ የለም።

አንድ ነገር ልብ በል። ከፓወር7 ወዲህ ኤአይኤክስ ሥራን የሚያሰራጨው በአግድም ነው። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ቪፒ ዋና ትሬድ (አንድ ኮር ጎን ለጎን ከሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች የመጀመሪያውን) ይሞላል፤ ሁሉም ከተያዙ በኋላ ነው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትሬዶች የሚሄደው። በመሆኑም 8 ቪፒ ያለው ፓርቲሽን ላይ 8 ሥራ የበዛባቸው ትሬዶች ቢነሡ ፊዝሲው ወደ 8 ይጠጋል፤ ኤልቢዚው (ትሬዶቹ የተያዙበት መቶኛ) ግን ዝቅተኛ ነው። ኮሩ ተይዟል፣ ትሬዱ ግን ባዶ ነው። ቪፒ ያበዛ ሰው ፊዝሲው ከፍ ሲል «ፕሮሰሰር አነሰ» ብሎ ሌላ ቪፒ ይጨምራል፤ ፊዝሲው ደግሞ ይከተለዋል። ስለዚህ ቪፒውን ቀንሰህ እንደገና ሳትለካ የአሁኑን ቁጥር እንዳለ አትውሰድ። በስኬዶ (የኤአይኤክስን የሥራ ስርጭት በሚያስተካክለው ትእዛዝ) የሚስተካከል ቪፒኤም ትሩፑት ሞድ የሚባል ቅንብርም አለ። 2 ወይም 4 ሲደረግ ኤአይኤክስ አዲስ ቪፒ ከመክፈቱ በፊት የያዘውን ኮር ትሬዶች ይሞላል። ፊዝሲን ይቀንሳል፤ የአንዱን ትራንዛክሽን ፍጥነት ግን ይነካል። ለአፕሊኬሽን ሰርቨር ልሞክረው እችላለሁ፤ ለዳታቤዝ ግን በመጀመሪያ ደረጃ አላስበውም።

ዜሮ ፔጂንግ፦

የሜሞሪውን እኔ ልውሰድ።

የጠፋው 48 ጊጋ በአብዛኛው ማክሲመም በሚለው ሳጥን ውስጥ የጻፋችሁት 512 ነው። ሃይፐርቫይዘሩ ለእያንዳንዱ ፓርቲሽን የገጽ (ሜሞሪው የተከፋፈለባቸው ቁርጥራጮች) ሰንጠረዥ ይሠራል፤ ኤችፒቲ ይሉታል። መጠኑ የሚሰላው ፓርቲሽኑ አሁን ከያዘው ሜሞሪ ሳይሆን ሊይዝ ከሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። ምክንያቱም ሰንጠረዡ ፓርቲሽኑ እየሠራ ሊያድግ አይችልም፤ ገና ሲነሣ ለማክሲመሙ የሚበቃ ቦታ ይያዝለታል። ሬሾው በፕሮፋይሉ (ኤችኤምሲው ላይ በተቀመጠው የፓርቲሽኑ ቅንብር) ላይ አለ፤ 1፡64 ከሆነ 512 ጊጋ ማክሲመም 8 ጊጋ ይበላል፣ 1፡128 ከሆነ 4 ጊጋ። አምስት ፓርቲሽን በ8 ሲባዛ 40። የቪአይኦኤሶቹ ማክሲመም 16 ስለሆነ ሁለቱ ተደምረው ግማሽ ጊጋ ነው። የቀረው 7 ጊጋ ምናምን የሃይፐርቫይዘሩ የራሱና የአይኦ አዳፕተሮቹ ሰንጠረዦች ነው፤ እሱን መቀነስ አትችልም።

ደግሞ ሰንጠረዡ ሁልጊዜ እጥፍ እጥፍ እያደገ ወደሚቀጥለው ቁጥር ነው የሚጠጋጋው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ጊጋ እያለ። ማክሲመሙን 128 ብትለው በ1፡64 ልክ 2 ጊጋ ነው። 130 ብትለው 4 ይወስዳል። ለ2 ጊጋ ተስፋ 2 ጊጋ ትከፍላለህ ማለት ነው።

የፕሮሰሰሩ ማክሲመም ይህን ያህል አያስከፍልም፤ እዚያ ላይ መለገስ ይቻላል። ሚኒመሙን በሁለቱም ዝቅ አድርገው። ሚኒመም የሚያገለግለው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ፓርቲሽኑ ሲነሣ ያን ያህል ካልተገኘ አይነሣም፤ እየሠራም ከዚያ በታች መቀነስ አይቻልም። ሚኒመሙ ከሚፈለገው ጋር እኩል ከተጻፈ አንድ የሜሞሪ ካርድ የተበላሸ ለት ፓርቲሽኑ በጎደለው መነሣት ሲችል ጭራሽ አይነሣም።

ማክሲመም በዲኤልፓር (ፓርቲሽኑ ሳይጠፋ በሚደረግ ለውጥ) አይቀየርም። ፓርቲሽኑ ጠፍቶ ከፕሮፋይሉ እንደገና አክቲቬት መደረግ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከኤአይኤክስ ውስጥ ሪቡት ማድረግ ፕሮፋይሉን አያስነብብም። ከኤችኤምሲ ሲነሣም «ከረንት ኮንፊገሬሽን» የሚለው ከተመረጠ የድሮው ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። በስሙ ፕሮፋይሉን ምረጥ። ተቃራኒውም አለ፦ ባለፉት ወራት በዲኤልፓር የተጨመረ ነገር ፕሮፋይሉ ላይ ካልተቀመጠ ከፕሮፋይል ያነሣህ ዕለት ይጠፋል። አስቀድመህ አስቀምጥ፣ ከዚያ ማክሲመሙን አርም።

አራተኛው ጥያቄህ። 99% ምንም አይነግርህም። ኤአይኤክስ ያገኘውን ባዶ ሜሞሪ በፋይል ካሽ ይሞላዋል፤ 160 ብትሰጠው 160 ይሞላል፣ 200 ብትሰጠውም እንዲሁ። የሚታየው ሌላ ነው። ኤስቪሞንን በትልቁ ጂ አማራጭ አስኪድና ቨርቹዋል የሚለውን ዓምድ አንብብ፤ ፕሮግራሞቹ በእውነት የሚፈልጉት ያ ነው። በእሱ ላይ 10 እስከ 15% ለፋይል ካሽና ለመተንፈሻ ብትጨምር ይበቃል። ዳታቤዙ ፋይሎቹን በሲአይኦ (የኤአይኤክስን ፋይል ካሽ በሚዘል መንገድ) ከከፈተ ከዚያም ያንሳል፤ የራሱ ካሽ አለውና የኤአይኤክስን አይፈልግም። ቀጥሎ ቪኤምስታት ላይ ፒአይና ፒኦ (ከዲስክ የተመለሱና ወደ ዲስክ የተገፉ ገጾች) ዓምዶችን ለአንድ ሰዓት ተመልከት። በሥራ ሰዓት ሳያቋርጡ ከዜሮ በላይ ከሆኑ እጥረት አለ። አልፎ አልፎ አንድ ቁጥር ብልጭ ቢል አያስደነግጥም።

ኤስቪሞን ላይ ከታች በኩል የገጽ መጠኖቹ ተዘርዝረዋል፦ ኤስ 4 ኪሎባይት፣ ኤም 64 ኪሎባይት፣ ኤል 16 ሜጋባይት። የኤልን መስመር ገልብጠህ ለጥፍልኝ፤ የምጠረጥረው ነገር አለ።

ዲስክ ሞላ፦

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ያላችሁትን አየሁ።

ሬሾው 1፡64 ነው። ኤስ3ኤችአርዲ 58%። በኤልኤስኤስራድ የዳታቤዙ ሜሞሪ ሁለት ቦታ ተከፍሏል፤ 96 ጊጋ ገደማ አንዱ ላይ፣ የቀረው ሌላው ላይ። አፕ ዓምዱ ከተከፈተ በኋላ በሥራ ሰዓት ከ8 እስከ 9 ያሳያል።

የዳታቤዙ ፊዝሲ በ95 በመቶው 5.7፣ ትልቁ 7.8። አፕሊኬሽኖቹ እያንዳንዳቸው 1.4፣ ትልቁ 3.2። ሪፖርት ቀን 0.6፣ ሌሊት እስከ 4.6። ቴስት 0.2 እንኳ አይሞላም። ቪአይኦኤሶቹ ባክአፕ ሲሄድ 0.9 ይደርሳሉ።

ኤስቪሞን፦ የኤል መስመር ፑል 2560፣ የተያዘ 0። የሌሎቹ ቨርቹዋል ሲደመር 122 ጊጋ። ፔጂንግ ስፔሱ (ሜሞሪ ሲጠብ ገጾች የሚገፉበት ዲስክ) 9% ተይዟል፤ ፒኦም በሥራ ሰዓት ይንቀሳቀሳል።

ዜሮ ፔጂንግ፦

ጥርጣሬዬ ይኸው ነበር። 2560 ገጽ በ16 ሜጋባይት ሲባዛ ልክ 40 ጊጋ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሰው በቪኤምኦ (የኤአይኤክስን ሜሞሪ በሚያስተካክለው ትእዛዝ) ለዳታቤዙ ትልልቅ ገጽ አስይዟል፤ ዳታቤዙ ግን አልተጠቀመበትም። 16 ሜጋባይት ገጽ አንዴ ከተያዘ ከዚያ ገጽ ፈላጊ በቀር ማንም አይነካውም፤ ለ4 ኪሎባይት ፈላጊ ቢሞትም አይሰጥም። ስለዚህ ፓርቲሽናችሁ በወረቀት 160 ጊጋ አለው፣ በተግባር 120። 122 የሚፈልግ ነገር 120 ውስጥ ተጨናንቆ ወደ ዲስክ እየገፋ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ 40 ጊጋ አጠገቡ ባዶውን ተቀምጧል።

ዳታቤዙ ያልተጠቀመበት ከሦስት በአንዱ ነው፦ ቪ ፒንሼም የሚባለው የቪኤምኦ ቅንብር 0 ሆኖ ቀርቷል፣ ወይም የዳታቤዙ ተጠቃሚ ትልልቅ ገጽ የመጠቀም ካፓቢሊቲ አልተሰጠውም፣ ወይም ዳታቤዙ ሼርድ ሜሞሪውን እንዲቆልፍ አልታዘዘም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ስህተት ሳያሳይ በዝምታ ወደ ትንንሽ ገጽ ይመለሳል።

እኔ ብሆን አስተካክሎ ከመጠቀም ይልቅ እለቀዋለሁ። በቪኤምኦ ኤልጂፒጂ ሪጅንስን (የሚያዙትን ትልልቅ ገጾች ቁጥር) 0 ብታደርገው ሳይነሣ ሳይወድቅ ወዲያው ይመለሳል። ከቀጣዩ ሪቡት በኋላም እንዳይመጣ በፒ አማራጭ አድርገው። ኤአይኤክስ 64 ኪሎባይት ገጽን ማንም ሳይነግረው ይጠቀማል፤ ለአብዛኛው ዳታቤዝ ከዚያ ወደ 16 ሜጋባይት የሚገኘው ትርፍ ለዚህ ሁሉ አደጋ አይበቃም።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡ፦ 122 ሲደመር 15% ወደ 140 ነው። 160 ይበቃል፤ ሜሞሪ አትጨምር። ማክሲመሞቹን ዳታቤዝ 256፣ አፕሊኬሽኖቹ 128፣ ሪፖርትና ቴስት 64 አድርጋቸው። ሰንጠረዦቹ 4፣ 2፣ 2፣ 1 እና 1፤ ድምሩ 10 ጊጋ። ከ40 ወደ 10 ወረደ፤ 30 ጊጋ ሳትገዛ አገኘህ።

የሌሊት ተረኛ፦

ዜሮ ፔጂንግ ቀደመኝ፤ የ40 ጊጋውን እኔ አልጠረጠርኩም ነበር። የፕሮሰሰሩ 58% ግን በራሱ ችግር ነው፤ እሱም ይስተካከል። በቁጥሮችህ መሠረት እኔ የማወጣው ይህ ነው፦

ዳታቤዝ፦ 6.0፣ ቪፒ 9፣ ዌይት 200
አፕሊኬሽን አንድና ሁለት፦ 1.5፣ ቪፒ 4፣ ዌይት 128
ሪፖርት፦ 1.0፣ ቪፒ 5፣ ዌይት 64
ቴስት፦ 0.4፣ ቪፒ 2፣ ዌይት 16
ሁለቱ ቪአይኦኤስ፦ 0.5፣ ቪፒ 2፣ ዌይት 255

ሪፖርት ላይ «ሲደመር 1» ያልኩትን ሕግ ራሴ አፍርሻለሁ። የሌሊት ሥራ ነው፤ 4.6 የነበረው 5 ላይ ቢቆም ሪፖርቱ ጥቂት ደቂቃ ይዘገያል፣ ሌላ ጉዳት የለውም። ቪፒው የኢንታይትልመንቱ 5 እጥፍ መሆኑም እንደዚሁ ነው። አፕሊኬሽኖቹም ላይ 3.2ን ወደ 4 አጠጋግቼ ትቼዋለሁ፣ ከኢንታይትልመንቱ እጥፍም በልጧል፤ አሁን ያለው 3.2 በ8 ቪፒ የተለካ ስለሆነ አግድም ስርጭቱ ሲጠብ የሚቀንስ ቁጥር ነው። ካልቀነሰ አንድ ጨምርላቸው።

የኢንታይትልመንቱ ድምር 11.4። ከ20ው 8.6 ያልተመደበ ይቀራል። አይባክንም፤ አንካፕድ የሆኑት በፈለጉ ጊዜ ይወስዱታል። ተጨማሪ ፓርቲሽን ቢመጣ ወይም ኮር ቢበላሽ መጠባበቂያህ ነው። የቪፒ ድምር ከ48 ወደ 28 ወረደ።

ለዳታቤዙ 9 ያልኩት በ7.8 ብቻ አይደለም። አንድ ሶኬት 10 ኮርና 256 ጊጋ አለው፤ 9 ቪፒና 160 ጊጋ አንዱ ሶኬት ላይ ሙሉ በሙሉ ይገባል። 12 ቪፒ ቢሆን የግድ ሁለቱን ይረግጣል።

ዌይት የሚሠራው ሽሚያ ሲኖር ብቻ ነው። ትርፍ 2 ኮር ላይ ዳታቤዙና ሪፖርቱ ቢሻሙ 200 ለ64 ይከፋፈላሉ፤ 1.52 ለዳታቤዙ፣ 0.48 ለሪፖርቱ። ፑሉ ባዶ ከሆነ ዌይት 16 ያለው ቴስትም የፈለገውን ያገኛል። ዌይትን 0 ማድረግ ግን አንካፕድ የሚለውን ስም አስቀርቶ ካፕድ ማድረግ ነው፤ ትርፍ ፈጽሞ አይደርሰውም።

የቪአይኦኤሱን 255 አትቀንስ። የሁሉም ዲስክና ኔትወርክ በእሱ ስለሚያልፍ እሱ ሲራብ ዳታቤዙ ላይ የዲስክ መዘግየት ሆኖ ይታያል፤ ሰው ስቶሬጁን ሲወቅስ ይውላል። ባክአፕ ላይ 0.9 ስለሚደርሱ 0.5ን ወደ 1.0 ብታሳድገውም አልቃወምም። ድምሩ 12.4 ይሆናል፤ ቦታ አለህ።

ኮር ቆጣሪ፦

በልኩ እስማማለሁ፤ ማንም ያላነሣው ግን ፈቃድ ነው። የዳታቤዙ ሶፍትዌር በኮር የሚሸጥ ከሆነ አንካፕድ ፓርቲሽን ላይ ሻጩ የሚቆጥረው ብዙ ጊዜ ቪፒውን ነው፤ ኢንታይትልመንቱን አይደለም። እስካሁን 12 እና 8 ነበር። ሪፖርቱም ያንኑ ሶፍትዌር የሚያስኬድ ከሆነ በአዲሱ ድልድል 9 ሲደመር 5፣ 14 ኮር ነው።

በዚህ ጊዜ ሁለቱን አንድ ሼርድ ፕሮሰሰር ፑል ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ሰርቨሩ ከነባሩ ጋር እስከ 64 ፑል ይይዛል፤ ነባሩን፣ ቁጥር 0ን፣ መገደብ አይቻልም። ሌላ ፑል ከፍተህ ማክሲመሙን 8 በለው፤ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። የሁለቱ ኢንታይትልመንት 7.0 ስለሆነ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ተደምረው ከ8 አይበልጡም። ፓርቲሽንን ከፑል ወደ ፑል ማዛወር እየሠራ ይቻላል፣ ማጥፋት አያስፈልግም። ሻጩ ይህን ዓይነት ገደብ ይቀበል እንደሆነ ግን ውሉን አንብብ፤ የማይቀበሉም አሉ።

የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፦ ሌሊት ሪፖርቱ 4.6 ሲፈልግና ዳታቤዙ ባክአፕ ላይ ሲሆን 8ቱ ይጠባሉ፤ ሌላው ፑል ባዶ ቢሆንም አይሻገሩም። ያን ጊዜ ኢንትሲውን ብቻ የሚያይ ሰው ግራ ይጋባል። ቪአይኦኤሶቹን ነባሩ ፑል ውስጥ ተዋቸው፤ እነሱን መገደብ ራስን ማነቅ ነው።

ዲስክ ሞላ፦

ሪፖርቱም ያንኑ ሶፍትዌር ነው የሚያስኬደው፤ ውሉን አያለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ልጨርሰው? በምን ቅደም ተከተል?

የሌሊት ተረኛ፦

የ40 ጊጋውን ዛሬውኑ ልቀቀው፤ ሌሊት መጠበቅ አያስፈልገውም። ከእሱ በኋላ ጥቂት ቀን ለካ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከቀየርክ የትኛው እንደጠቀመ አታውቅም።

ኢንታይትልመንት፣ ቪፒና ዌይት በዲኤልፓር ይቀየራሉ፤ ፕሮፋይሉ ላይ ያለው ማክሲመም እስከፈቀደ ድረስ። አፕሊኬሽኖቹ ላይ ማክሲመም ኢንታይትልመንቱ 1.0 ተብሎ ከሆነ 1.5 አይቀበልም፤ እነሱን ከሜሞሪው ማክሲመም ጋር ለሌሊቱ ተዋቸው። ቪፒ ስትቀንስ ኤአይኤክስ ውስጥ ፕሮግራም ከአንድ ሎጂካል ፕሮሰሰር ጋር የታሰረ ከሆነ ቅነሳው ይከሽፋል፤ ማሰሪያውን ፍታና ድገመው።

ሌሊቱን ቪአይኦኤሶቹን አትንካ። የቀሩትን አምስቱንም አጥፋ፣ ፕሮፋይሎቹን አርም፣ ከዚያ ትልቁን አስቀድመህ ከፕሮፋይል አንሣ፤ ዳታቤዝ፣ አፕሊኬሽኖቹ፣ ሪፖርት፣ በመጨረሻ ቴስት። ትልቁ ሲቀድም ሙሉ ሶኬት የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ነገር ግን የጠፋ ፓርቲሽን የድሮ ቦታውን ይዞ ሊነሣ ስለሚችል በዚህ ብቻ አትመን። ኤችኤምሲው ላይ በኤልኤስሜምኦፕት የአሁኑን ነጥብ (ሜሞሪና ፕሮሰሰር ምን ያህል እንደተቀራረቡ) እይ፤ ከ100 ነው የሚሰጠው። ዝቅ ካለ ኦፕትሜምን አፊኒቲ በሚለው አማራጭ አስነሣው። ሜሞሪውን ፓርቲሽኖቹ እየሠሩ ያዛውራል። ባዶ ሜሞሪ በበዛ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል፤ አሁን ያገኘኸው 30 ጊጋ እዚህም ይጠቅምሃል። ሲሠራ ፓርቲሽኖቹን ያዘገያል፤ ስለዚህ ባክአፕ ሳይጀምር ይለቅ።

ካለቀ በኋላ ኤልኤስኤስራድን ድገም። ዳታቤዙ በአንድ ክልል 160ውንም ይዞ ካየኸው፣ በማግሥቱ በሥራ ሰዓት ኤስ3ኤችአርዲን አንብበህ እዚህ ጻፍልን።